የጋሽ ድልነሳው ጣት

ወይንሸት ወንዳፍራሽ ጠዋት ቢሮ ስትገባ መጀመሪያ የምታደርገው ቀኝ አመልካች ጣቷን በቀሚሷ ጠረግ አድርጋ በሩ አጠገብ ያለችውን ጥቁር መስታወት መንካት ነበር። መስታወቷ «ጢክ» ትላለች፣ አረንጓዴ መብራት ታበራለች፣ ከበላይዋ ባለችው ትንሽ ስክሪን ላይ ስሟ ይወጣል። ዘበኛው ጋሽ ቱሉ ቆባቸውን ነካ አድርገው «እንደምን አደርሽ፣ የኔ እመቤት» ይሏታል፤ እሷም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደምን አደሩ» ብላ ወደ አዳራሹ ታልፋለች። የአዳማ ፀሐይ በዚያን ሰዓት እንኳ የአዳራሹን ቆርቆሮ ማንቋቋት ጀምራለች፤ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች አግዳሚ ወንበሮቹን ሞልተው፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው፣ በላብና በአሮጌ ካፖርት ሽታ ውስጥ ተራቸውን ይጠብቃሉ።

ድርጅቱ የነባር የግንባታና የእርሻ ሠራተኞች መጦሪያ ነው። ጡረተኛ ሁሉ በዓመት ሁለት ጊዜ በአካል ቀርቦ በሕይወት መኖሩን ማረጋገጥ አለበት። ድሮ አንድ ጸሐፊ ዓይን ለዓይን አይቷቸው «አሉ» ብሎ ይፈርም ነበር። ሲስተም ከመጣ ወዲህ ግን የዓይን ምስክርነት ቀረና በጣት ተተካ። ጡረተኛው ጣቱን መስታወቱ ላይ ያሳርፋል፤ ማሽኑ ካወቀው «በሕይወት አለ» የሚል ጽሑፍ ይወጣል፤ ካላወቀው ሰውዬው እፊቱ ቆሞ እያሳለ እንኳ የለም ማለት ነው።

ወይንሸት የዚህ ሁሉ ጉድ ኃላፊ ናት። የአይቲ ክፍል ኃላፊ ይሏታል። ማሽኑ ሲገዛ የጠየቃት የለም፤ ሲበላሽ ግን ከመጸዳጃ ቤት ሳይቀር ጠርተው ያወጧታል። የግዢ ኮሚቴው ርካሽ አገኘሁ ብሎ የሠራተኛውን የጠዋት ፊርማና የጡረተኛውን የሕይወት ማረጋገጫ ባንድ ቋት የሚያጭቅ ዕቃ አመጣላት። ዕድሜውን ሙሉ ድንጋይ ሲጠርብና ሲሚንቶ ሲያቦካ የኖረ ሰው ጣቱ ላይ ምን አሻራ ይቀራል ብሎ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም። የአንዳንዶቹ ጣት እንደ ወንዝ ጠጠር ልሙጥ ነው። መስታወቱ አሥሩንም ጣታቸውን ሞክሮ አሥሩንም ይተፋቸዋል።

ለዚህ መላ ያመጡት የሦስተኛው መስኮት ሠራተኛ ጋሽ ድልነሳው ነበሩ። ደግ ሰው ናቸው፤ ሽማግሌ ሲያለቅስ ማየት አይችሉም። ጣቱ እምቢ ያለው ሰው ሲመጣ ጠረጴዛቸው ላይ በማትጠፋው ግማሽ ሎሚ የራሳቸውን አመልካች ጣት አሸት ያደርጉና «አይዞዎት አባቴ፣ እኔ አበድርዎታለሁ» ብለው በሰውየው ስም የራሳቸውን ጣት ያስመዘግባሉ። ከዚያ ወዲያ ያ ሰው በመጣ ቁጥር «ጢክ» የሚያሰኙለት እሳቸው ናቸው። ቢሮው በሙሉ ያውቃል፤ ሥራ አስኪያጁ አቶ ጉልላትም ያውቃሉ፤ «ወረፋ ቀነሰልን» ይላሉ። እንዲህ እንዲህ እያለ የግማሽ ከተማ ሽማግሌ በአንድ ሰው ጣት ይኖር ጀመር።

ወይንሸት ስድስት ዓመት ሙሉ ጮኸች። አንድ ጣት ለአንድ ሰው ብቻ ይሁን፣ አንድ ጣት በሁለት ስም ከተገኘ የመጨረሻው ምዝገባ ይጽና፣ የቀደመውን ሲስተሙ ራሱ ይሰርዘው ብላ ሐሳብ አቀረበች፤ ትእዛዙንም በእጇ ጽፋ፣ ፈትሻ፣ አንዲት ቁልፍ ብቻ እስክትቀር አዘጋጀችው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ስብሰባ ላይ ስትናገር ሰዎቹ ስልካቸውን ያያሉ፤ ስትጨርስ አቶ ጉልላት «ሌላ አስተያየት ያለው?» ይላሉ፣ እሷ ምንም እንዳልተናገረች።

ግን እሷም ብትሆን አፏን ሞልታ የማትናገርበት ቦታ ነበር። አባቷ አቶ ወንዳፍራሽ ግንበኛ ነበሩ። ከእናቷ ሞት በኋላ አብረው የሚኖሩት እሷና እሳቸው ብቻ ናቸው። አንድ ዓመት ማሽኑ «አልተገኘም» ብሏቸው ከዘራቸውን እየጎተቱ ወደ ቤት መጡና «ወይኒ፣ የለህም አሉኝ» አሏት። በሚቀጥለው ቀን ጋሽ ድልነሳው ሎሚያቸውን አነሡ። ወይንሸት ተናደደች፤ ቢሆንም ዝም አለች።

ጋሽ ድልነሳው በሁዳዴ መሃል ሞቱ። ምሳ ሰዓት ላይ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ ጣታቸው መስታወቱ ላይ እንዳለ ተገኙ። ቢሮው ቀበራቸው፣ ሦስተኛው መስኮት ተዘጋ፣ ሁሉም ወደ ሥራው ተመለሰ። ወይንሸት አሻራቸው ከሲስተሙ እንዲወጣ ጠየቀች። የሰው ሀብት ክፍል የሞት ማስረጃ ካልመጣ ስም አይነሣም አለ፤ ማስረጃው ደግሞ ባለቤታቸው ጋ ነበር፤ ባለቤታቸው ወሎ ዘመድ ጋ ሄደዋል። ጣትዬው በዚያው ቀረ።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ አዳራሹ ባዶ ሆኖ የጣሪያው ማራገቢያ ብቻ እየተንሿሿ ሳለ፣ ወይንሸት «ጢክ» የሚል ድምፅ ሰማች። ቆይቶ ደገመ። ድምፁ የመጣው ከተዘጋው ከሦስተኛው መስኮት ነበር። ሄዳ መጋረጃውን ገለጠችው። አቧራ የለበሰ ጠረጴዛ፣ ማንም ያልተቀመጠበት ወንበር፣ ጥቁሯ መስታወት። ጠረጴዛውን እንዲያ የሸፈነው አቧራ መስታወቷ ላይ አልነበረም፤ መሃሏ ላይ ገና ያልደረቀ፣ ክብ፣ የሰው ጣት የሚያህል እርጥበት ነበረ። ሎሚ ሎሚ ይሸታል። ስክሪኑ ላይ ስሞች አንድ በአንድ ይመጡና ይሄዳሉ፤ ከእያንዳንዱ ስም ጎን «በሕይወት አለ»።

«አቶ ጉልላት፣ የሞተ ሰው ጣት እየሠራ ነው» አለች ቢሯቸው ገብታ።

«ሲስተም አይደል? ይሠራል እንጂ» አሉ ሥራ አስኪያጁ፣ ከጋዜጣቸው ቀና ሳይሉ። «ሲቆም ንገሪኝ።»

ከዚያ በኋላ ድምፁ በየቀኑ መጣ። አዳራሹ ሰው በሞላበት ሰዓት እንኳ፣ ከጫጫታውና ከሳሉ በታች፣ ያቺ ትንሽ «ጢክ» ትሰማለች። የማሽኑን ገመድ ነቀለችው፤ ማሽኑ ጠፋ፣ ድምፁ ግን አልጠፋም። የጽዳት ሠራተኛዋ ከእንግዲህ በዚያ በኩል አልጠርግም አለች። ወይንሸት ለሁለተኛ ጊዜ ጻፈች፣ ለሦስተኛ ጊዜ ጻፈች፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። የሚያስፈራት ነገር መኖሩ ሳይሆን ለብቻዋ እንድትፈራው መተዋቸው ደሟን አፈላው።

አንድ ማክሰኞ ሌንሳ የምትባል ሴት መጣች፤ ነጠላዋን ያዘቀዘቀች፣ እንቅልፍ ካጣች የቆየች ሴት። አልሰለፍም ብላ በቀጥታ ወደ አይቲ ክፍል ገባችና በሩን ከኋላዋ ዘጋች።

«እህቴ፣ አባቴ መሞት አቃተው» አለች።

ወይንሸት ወንበር ሳበችላት።

«ቄሱ መጥተው ሄዱ፤ ደግመው መጥተው ሄዱ። ሐኪሙ ልቡ ቆሟል ብሎ ወረቀት ሰጠን፤ ልንገንዘው ስንል ዓይኑን ገለጠ። አይበላም፣ አይተነፍስም፣ ዓይኑ ግን ይከተለኛል። እጁ በረዶ ነው። እጁ ደግሞ ሎሚ ሎሚ ይላል። ቀኑን ሙሉ ምን እንደሚያደርግ ታውቂያለሽ? እንዲህ ያደርጋል።» አመልካች ጣቷን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች፣ አነሣች፤ አሳረፈች፣ አነሣች። «ሲያደርገው ሳይ እዚህ እናንተ ጋ የለመደው ነገር ነው ብዬ ነው የመጣሁት። በምን አሰራችሁት? ፍቱልኝ፣ በፈጠራችሁ።»

ወይንሸት የሰውየውን ስም ፈለገች። በጋሽ ድልነሳው ጣት ስር አገኘችው፤ በዚያው ቀን ጠዋት፣ «በሕይወት አለ»። ሴትየዋን «እግዜር ያጥናሽ» ብላ ሸኘቻት፤ ገና ላልሞተ ሰው ማለቷን ያስተዋለችው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው። ከዚያ አባቷ ትዝ አሏት፤ ቦርሳዋን ሳታነሣ ወጥታ ሮጠች።

አቶ ወንዳፍራሽ እንደ ሁልጊዜው ግቢው ውስጥ ግድግዳውን ተደግፈው ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጠዋት ያቀረበችላቸው ምግብ ክዳኑ አልተነሣም። እጃቸውን ያዘችው። የከሰዓት ፀሐይ ሲመታው የዋለ እጅ ከጉድጓድ እንደወጣ ድንጋይ ቀዝቅዟል።

«አባዬ፣ አልበላህም?»

«ጾም ነኝ።»

«ፋሲካ ካለፈ እኮ ቆየ።»

«ድልነሳው ወረፋ ይዞልኛል፤ ተነሥ እስኪለኝ ነው» አሉ፤ አመልካች ጣታቸውም የወንበሩን እጀታ ጫን፣ ለቀቅ፣ ጫን፣ ለቀቅ ያደርግ ነበር። ቤት ውስጥ አንድም ሎሚ አልነበረም። ወይንሸት አጠገባቸው ተቀምጣ አለቀሰች። ልቧ እያወቀ ለራሷ መንገር ያቃታት ነገር አሁን ገባት፤ ጋሽ ድልነሳው ከሞቱ ወዲህ አባቷ ሲስቁ አልሰማችም፣ ሲያስሉም አልሰማችም። ጣትዬው ከተሰረዘ አባቷ የሉም። ካልተሰረዘ ደግሞ ያሉት እንዲህ ሆነው ነው።

ረቡዕ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ አስጠሯት፤ በስድስት ዓመት ውስጥ እሳቸው አስጠርተዋት አያውቁም ነበር። ፊታቸው በርቷል።

«የምሥራች! ከዋናው መሥሪያ ቤት ቁጥጥር ሊመጣ ነው። ያልሽውን ነገር ዓርብ ከሰዓት እንጀምራለን፤ የሟቹንም ጣት እናነሣለን። አንድ ጣት ለአንድ ሰው።»

«ዓርብ አይሆንም» አለች ወይንሸት። «ጊዜ ይስጡኝ። በዚያ ጣት ስር ያሉት ሰዎች...»

«ስድስት ዓመት አንገቴ ላይ ቆመሽ ስትጮሂ አልነበር? ዛሬ እሺ ስልሽ ደግሞ እምቢ?»

«ሰዎቹ ይሞታሉ፣ አቶ ጉልላት!»

«የሞቱትማ ይሰረዙ። ሥራችን ነው» አሉና ስልካቸውን አነሡ። ንግግሩ በዚህ አለቀ። ወይንሸት ኮሪደሩ ላይ ቆማ ግድግዳውን በጡጫ መታችው። የራሷን ቃል፣ የራሷን ትእዛዝ፣ ማንም ሳይሰማት አንጀቷን ያቃጠለውን ሐሳብ ይዘው አባቷን ሊገድሉባት ነው።

ሐሙስ ምሳ ሰዓት ሁሉም ሲወጣ እሷ ቀረች። መብራት ጠፍቶ ነበር፤ አዳራሹ መጋረጃው ተጋርዶ ጨልሟል፣ ማራገቢያው ቆሟል፣ ሰርቨሩን በባትሪ ያቆየው ሳጥን ብቻ ከጓዳው ሲያቃስት ይሰማል። አባቷን ከሟቹ ጣት ማላቀቅ የሚቻለው ሌላ ጣት በመተካት ነው፤ የራሳቸውን አሥሩንም ጣቶች ማሽኑ ድሮ ተፍቷቸዋል። የሷ ግን ይነበባል። ነገ ደንቡ ሲጀምር ቢበዛ የኔ የጠዋት ፊርማ ይሰረዛል፣ ይሰረዝ፣ ሰኞ በሌላ ጣት እመዘገባለሁ አለች በልቧ፤ ይህን ያህል የማያውቁልኝ ሥራዬ አንድ ቀን ቢቀር ምን ይጎድላቸዋል! በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰዓት ነው።

የሚሠራው የመመዝገቢያ ማሽን የሦስተኛው መስኮት ብቻ ነበር። ገመዱን ከባትሪው ሳጥን ጋር አገናኝታ፣ መጋረጃውን ገልጣ፣ ቆማ የአባቷን ስም አወጣች። ወንበሩ ላይ አልተቀመጠችም፤ የወንበሩ ስፖንጅ ሰው እንደተቀመጠበት ወደ ታች ሰርጉዶ ነበር። ከጨለማው ውስጥ ሰው ሲደክመው የሚያወጣው ዓይነት ረጅም ትንፋሽ መጣ፣ ከትንፋሹ ጋር የሎሚ ሽታ። የመስታወቷ ቀይ መብራት ብልጭ ሲል ከጠረጴዛው ማዶ አንድ ጣት አየች፤ የገረጣ፣ ከመጠን በላይ ከመጫን ጫፉ የተደፈጠጠ፣ መስታወቱን ሊነካ የተዘረጋ። ቀጥሎ መብራቷ ብልጭ ስትል ጣቱ ወደ ኋላ አለ። እንደ ሰው ቦታ ለቀቀላት።

«ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሽ ድልነሳው» አለችና ጣቷን አሳረፈች። መስታወቱ ይነድዳል ብላ ስትጠብቅ በረዶ ሆነባት። «ጢክ»። ወንዳፍራሽ ከሚለው የአባቷ ስም ጎን «በሕይወት አለ» የሚለው ጽሑፍ በሷ ጣት ወጣ።

ማታ ቤት ስትገባ አባቷ ግቢው መሃል ቆመው ነበር። «ይህቺ ልጅ በረሃብ ልትገድለኝ ነው እንዴ?» ብለው ተቆጧት። ሁለት ጊዜ አስጨምረው በሉ፤ ሚጥሚጣው አስነጠሳቸው፣ በማስነጠሳቸው ሳቁ። እጃቸው ሞቋል። ወይንሸት እጃቸውን ይዛ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችም፤ ደስታዋ የስድስት ዓመት ንዴቷን ለአንድ ሌሊት አስረሳት።

ዓርብ ከሰዓት በሰርቨሩ ክፍል ሦስት ሰው ነበር፤ አቶ ጉልላት፣ ጸሐፊያቸው እታገኝ፣ ወይንሸት። ሥራ አስኪያጁ ፎቶ ከተነሡ በኋላ ያቺን የቀረች ቁልፍ በገዛ እጃቸው ተጫኑ። ስክሪኑ ላይ ስሞች እንደ ጎርፍ ወረዱ። ከሦስተኛው መስኮት በኩል «ጢክ ጢክ ጢክ» የሚለው ድምፅ ፈጠነ፣ ተደበላለቀ፣ ከዚያ ጸጥ አለ። «ተደጋጋሚ ጣቶች ተሰርዘዋል። የመጨረሻው ምዝገባ ጸንቷል» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ተነፍቶ የማያውቀው የእድር ጥሩምባ ከወደ ገበያው ሲያለቅስ ተሰማ፤ ሳያባራ ከባቡር ጣቢያው በኩል ሌላ ተነሣ፣ ከዚያ ሌላ። ወይንሸት የሌንሳን አባት አስባ አማተበች።

«ይኸው ሆነልዎት፣ ደስ ይበልዎት» አለች በምሬት።

አቶ ጉልላት አልመለሱላትም። «ወይንሸትስ የት ሄደች?» አሉ ወደ እታገኝ ዞረው።

«አላየኋትም፣ አለቃ።»

«ስትፈለግ መቼ ተገኝታ ታውቃለች!»

«እዚሁ ነኝ፣ አቶ ጉልላት!» ጮኸች። ታክከዋት አለፉ፤ ትከሻቸው ነካት፣ ቅዝቃዜ እንደተሰማው ሰው ኮታቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ስድስት ዓመት እንዲህ ነው ያደረጓት፤ ዛሬ ምን አዲስ ነገር አለው?

መውጫው ላይ ጣቷን መስታወቷ ላይ አሳረፈች። መስታወቷ ዝም አለች። ይህንንስ ጠብቃው ነበር። «ደህና ዋሉ፣ ጋሽ ቱሉ» አለች፤ ጋሽ ቱሉ በላይዋ አሻግረው መንገዱን እያዩ ጥርሳቸውን ይፍቃሉ። እሳቸውም እንደ አለቃው መናቅ ተማሩባት ማለት ነው። መንገድ ዳር ቆማ እጇን ብታነሣ ባጃጅ ሁሉ እያለፈ ሄደ፤ ለአንዱ ሾፌር የማይባል ስድብ ወረወረችለት፣ ዞር ብሎም አላየ። በእግሯ ሄደች። ፀሐዩ ገና ብርቱ ነበር፤ እሷ ግን ትከሻዋን አቅፋ ትሄዳለች፣ አመልካች ጣቷ ነጠላዋን ጫን፣ ለቀቅ፣ ጫን፣ ለቀቅ ያደርጋል፤ በንዴቷ ብዛት አላስተዋለችውም።

የቤቱ በር ገርበብ ብሏል። አባቷ ከጎረቤታቸው ከእማማ ዘውዴ ጋር ገበታ ቀርበው ይበላሉ፤ ጉንጫቸው ቀልቷል፣ ይስቃሉ። ለሷ የቀረ ምግብ በሌማት ተከድኗል። ወይንሸት ደፍ ላይ ቆመች፤ ንዴቷ ሁሉ እዚያ አለቀ።

«አባዬ» አለች።

አቶ ወንዳፍራሽ ጉርሻቸውን እንደያዙ ቆም አሉ። ከሩቅ ሌላ ጥሩምባ ተሰማ። ተነሡ፣ ያለ ከዘራ በጠንካራ እግራቸው ወደ በሩ መጡ፣ ፊቷ ላይ ተንፍሰው ግቢውን ዞር ዞር እያሉ አዩ።

«ማነው? ወይኒ መጣች?» አሉ እማማ ዘውዴ ከውስጥ።

«ኧረ ንፋስ ነው» አሉ አባቷ በሩን በፊቷ እየዘጉ፣ «ሎሚ ሎሚ የሚል ንፋስ።»